ለኢንደቨር ሞዴል የሚሆን ጥቃቅን ብረት፦ ናሱን ያስቀምጡት፣ መዳቡን ያንሱ

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የእንግሊዛዊውን አሳሽ የካፒቴን ኩክን መርከብ የኢንደቨርን ሞዴል ከዋንዛ እንጨት በ1:48 (ከእውነተኛዋ 48 እጥፍ አሳንሼ) እየሠራሁ ነው። ቀፎው አልቋል። የቸገረኝ ትንንሹ ብረት ነው፦ ባለ ቀለበት ምስማሮቹ፣ ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች የሚታሰሩበት ሰንሰለት፣ የመሪው ማጠፊያ፣ መልህቁና መድፉ። ሁሉንም ከናስ ለመሥራት ሞከርኩ። አንዱን በይጄ ሁለተኛውን ስበይድ የመጀመሪያው ይወድቃል። ለማጥቆር ሰልፈር ባለበት ፈሳሽ ብነክረውም ናሱ አልጠቁር አለኝ። የሠራሁት ሁሉ ደግሞ ወፍራምና ሻካራ ሆኖ ይታየኛል። መድፎቹን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጬ ባወጣቸውስ?

ምላሽ፦ ጋሼ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የጤና ነገር አለበትና። የባትሪውን እርሳስ ይተዉት። ባትሪ ውስጥ የቆየ እርሳስ አሲድ የጠጣ ነው። ሲፈታ የሚበነው ብናኝ፣ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሕፃናት ላይ ነው። የልጅ ልጅ በሚገባበት ቤት ይህ ሥራ ጨርሶ መሠራት የለበትም።

ለሞዴሉም ቢሆን አይበጅም። እንጨት ደርቆም ቢሆን የኮምጣጤ ዓይነት አሲድ ጥቂት በጥቂት ወደ አየር ይለቃል። ሞዴሉን በመስታወት ሳጥን ሲዘጉበት ያ አየር መውጫ ያጣል። እርሳስ ይህን አይችልም። ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ያብጣል፣ የተቀባውን ቀለም ይገፋል፣ ቆይቶም ይፈረፈራል። በየሙዚየሙ ያሉ አሮጌ ሞዴሎች መድፍና መልህቃቸውን ያጡት እንዲህ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዕይታ በሚያሠራቸው ሞዴሎች ላይ እርሳስ እንዳይገባ የሚከለክለውም ለዚህ ነው። ልፋትዎ ከእርስዎ በኋላ እንዲቆይ ከፈለጉ እርሳስ ወደዚያ ቀፎ አይጠጋ።

አሁን ወደ ናሱ እንምጣ። ምክሬ አጭር ነው፦ ከጥቃቅኑ ብረት አብዛኛውን ከመዳብ ይሥሩት። ናስን ለመሪው ማጠፊያ፣ ለመልህቁና ለመድፉ ብቻ ያስቀሩት። ብዙ ሞዴል ሠሪ ናስ የሚያነሳው ለሞዴል ተብሎ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ነው። ኢንደቨር ላይ ግን እንደ ናስ ማብረቅ ያለበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1764 ዊትቢ በተባለች የእንግሊዝ ወደብ ስትሠራ የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ነበረች። ስሟም ኧርል ኦፍ ፔምብሮክ ነበር። ባሕር ኃይሉ በ1768 ገዛትና ኢንደቨር አላት። ከውኃ በታች ያለው አካሏ በመዳብ አልተሸፈነም። የባሕር ትል እንዳይበላት ተጨማሪ ሳንቃ ተለበጠባትና ሳንቃው ላይ ራሰ ሰፊ ምስማር ተመታበት። የመዳብ ልባስ ያኔ ገና ሙከራ ላይ ነበር። በ1761 አላርም የምትባል የጦር መርከብ በመዳብ ተለብጣ ነበር፤ በኋላ ስትመረመር መዳቡ የነካቸው የብረት ምስማሮች ተበልተው ተገኙ። መዳብና ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ብረቱ ነው። በዚህ ምክንያት በመዳብ በተለበጡ የኋላ መርከቦች ላይ ከውኃ በታች ያለው ማጠፊያ ከመዳብ ቅይጥ ይሠራ ጀመር። የሚሠሩት በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የተዋጋችውን ቪክቶሪ የተባለችውን የጦር መርከብ ቢሆን ኖሮ የመሪዋን ማጠፊያ ወርቅማ አድርገው ይተዉት እል ነበር። ኢንደቨር ላይ ግን የምናወራው ስለ ብረት ነው፤ ያውም ሬንጅና ቀለም ስለጠጣ ጥቁር ብረት። ስለዚህ በቀላሉ የሚጠቁረውን ማዕድን መምረጥ ነው የሚሻለው። እሱ መዳብ ነው።

ሰልፈሩ ናሱን እምቢ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ሰልፈር የሚወደው መዳብንና ብርን ነው። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ ሥራውን ያበላሽበታል። ቢበዛ ቡናማ ዥጉርጉር ያደርገዋል እንጂ አያጠቁረውም። ሰዓት ሙሉ ቢነክሩት ለውጥ የለውም።

ሻካራና ወፍራም ሆኖብኛል ያሉት ደግሞ የእጅዎ ድክመት አይመስለኝም። ላሜራውን በካሊፐር ይለኩት። 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ48 ሲባዛ በእውነተኛው መርከብ ላይ 4.8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማጠፊያ የምሽግ በር ላይ ቢሆን እንጂ የከሰል መርከብ ላይ አይገኝም። ያኔ ብረቱን የሠራው አንጥረኛ በመዶሻና በወናፍ ነው። ብረት ውድ ነበር፣ ከባድም ነበር፣ ያለ ምክንያት ማንም አያወፍረውም።

ስለዚህ ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ሒሳብ ይያዙ። የእንግሊዝ መርከብ ሠሪዎች የሚያስቡት በኢንች ነው። አንድ ኢንች ለ48 ሲካፈል 0.53 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ግማሽ ኢንች ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ኢንች 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የመርከቧ የ1768 ፕላን ግሪኒች ባለው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ይገኛል፤ ቅጂው ካለዎት ስፋቱን ከዚያ ይለካሉ። ውፍረቱን ግን ፕላን አይነግርዎትም፣ በዚህ ሒሳብ ይገምቱ። ሲጠራጠሩ ወደ ቀጭኑ ያድሉ። ዓይን ወፍራሙን ወዲያው ይይዘዋል፣ ቀጭኑን ግን ይቅር ይላል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ። የኮምፒዩተር ኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉት ስምንቱ ሽቦዎች ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ልክ የአንድ ኢንች ብረት! አንድ ሜትር ቁራጭ ገመድ ስምንት ሜትር ሽቦ ይሰጥዎታል። ለዚያች መርከብ ባለ ቀለበት ምስማር ከበቂ በላይ ነው። ግን ሲገዙ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እሱ በእኛ ዘዴ አይበየድም፣ ይጣሉት። ሌላ ውፍረት ሲፈልጉ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ ይሂዱ። ከ0.2 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለ የመዳብ ሽቦ እነሱ ጋ ቁርጥራጩ ሞልቷል። በላዩ የተቀባውን ቫርኒሽ በእሳት አቃጥለው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። ይህን የሚሠሩት ደጅ ላይ ይሁን፤ ጭሱ መጥፎ ነው።

ሽቦውን ከመጠቀምዎ በፊት አንዱን ጫፍ በሞርሳ፣ ሌላውን በፒንሳ ይያዙና ትንሽ እስኪለጠጥ ድረስ ይሳቡት። ቀጥ ይላል፣ ትንሽም ይጠነክራል።

ባለ ቀለበት ምስማሩን ሲሠሩ ሽቦውን አይግመዱት። ተገምዶ የተሠራ ከሩቅ ያስታውቃል። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የፑንታ (የመብሻ ብረት) ጭራ ሞርሳ ላይ ያቁሙ። ሽቦውን ዞር ያድርጉበትና ተርፎ የሚወጣውን ጫፍ ከአንገቱ ሥር ይቁረጡ። ቀጥሎ አንገቱን በቀጭን ፒንሳ ወደ ኋላ ቆልመም ያድርጉት። ያኔ ቀለበቱ ከእግሩ በላይ መሃል ለመሃል ይቀመጣል። ይህቺ ትንሽ ቁልመማ ናት ልዩነቱን የምታመጣው። ያለ እሷ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ገመድ የማይወጥርበትን ሳይበይዱ ቢተዉትም ችግር የለም። የመድፍ ገመድ የሚታሰርበትን ግን ይበይዱት።

አሁን ብየዳው። አንዱን ሲበይዱ ሌላው የሚወድቀው ሁሉንም በካውያና በተራ ሊድ (በቆርቆሮና በእርሳስ መበየጃ) ስለሚበይዱ ነው ብዬ እገምታለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ሊድ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል። ሁለተኛውን ሲያሞቁ የመጀመሪያውም እዚያው ሙቀት ላይ ይደርሳል፣ ይለቃል። መፍትሔው በደረጃ መበየድ ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የብር መበየጃ ብር፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ነው። የብሩ መጠን ሲለያይ የሚቀልጥበት ሙቀትም ይለያያል። ጠንካራው ወደ 750 ዲግሪ ይጠጋል፣ ቀላሉ ከ650 እስከ 700 ባለው ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን በጠንካራው ይበይዱ፣ ሁለተኛውን በቀላሉ። ሦስተኛ ካለ ብቻ ሊድ ይጠቀሙ፣ እሱም እርሳስ የሌለበት ይሁን። እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው ስለሚያንስ ያለፈውን አያስለቅቅም። አንድ የሚያውቁት አንጥረኛ ካለ ሁለቱንም ዓይነት በጥቂቱ ይለምኑት። ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ግን ይጠይቁ፤ የካድሚየም ጭስ ይገድላል።

የብር መበየጃ በካውያ አይሠራም፣ ነበልባል ይፈልጋል። ትንሽ የጋዝ ችቦ ይበቃል። ዕቃውን የከሰል ቁራጭ ላይ ያስቀምጡ። መበየጃውን በሞረድ ፈግፍገው ዱቄቱን ከቦራክስ (መበየጃው እንዲይዝ ከሚረዳው ነጭ ዱቄት) እና ከጠብታ ውኃ ጋር ይለውሱት፤ በቀጭን ስንጥር መጋጠሚያው ላይ ጤፍ የምታክል ብቻ ያኑሩ። እሳቱን መበየጃው ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ዕቃው ላይ ያድርጉ። መዳቡ ራሱ ሲግል መበየጃው እንደ ውኃ ይሮጥና ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ያኔ ወዲያው እሳቱን ያንሱ። መጋጠሚያው ግን አስቀድሞ ድፍን ብሎ መገናኘት አለበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ መበየጃ አይሞላውም። ናስ ላይ ሲሠሩ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ናስ 900 ዲግሪ አካባቢ ራሱ ይቀልጣል፤ በመበየጃውና በዕቃው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። የሚሠሩበትን ክፍል ብርሃን ቀነስ ካደረጉ የግለቱን ቀለም በደንብ ያያሉ።

ከብየዳ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ቅርፊትና ቦራክስ ለማጽዳት ጠንካራ አሲድ አያስፈልግም። ለምግብ የሚሸጠው ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ በደንብ ይሠራል። ዕቃውን ሲጨምሩና ሲያወጡ ግን የብረት ወረንጦ አይንከሩበት። ብረት ከገባ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው መዳብ በዕቃዎ ላይ ይለበጣል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ወረንጦ ይጠቀሙ። ይህን የመዳብ መለበጥ ነገር ያስታውሱት፤ ሆን ብለን የምንጠቀምበት ቦታ ይመጣል።

ከሁሉም ሥራ የምወደው የወጣሪ ገመዶቹን ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ምሰሶውን በግራና በቀኝ የሚወጥሩት ወፍራም ገመዶች ጫፋቸው ላይ ባለ ሦስት ቀዳዳ ክብ እንጨት አላቸው። ከሥሩ ሌላ እንዲሁ ያለ እንጨት አለ። ያኛው ከመርከቧ ጎን ወጣ ብሎ በተገጠመው ሳንቃ ጠርዝ ላይ በብረት ታቅፎ ይቀመጣል። ከዚያ ብረት ሥር ረጃጅም ቀለበቶች ተያይዘው ወደ ታች ይወርዱና ቀፎው ላይ በብሎን ይመታሉ። የምሰሶው ጭነት በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር እነዚህ ሰንሰለቶች እኩል አለመሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ከላይ ያለው ገመድ በያዘው መስመር መቀጠል አለበት። የፊተኛው ገመድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ያጋድላል። ሲያጋድል ሰንሰለቱም ይረዝማል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ልክ ሠርተው ቢመቱ መስመሩ ይሰበራል፤ ዓይንም ምን እንደሆነ ባያውቅም ቅር ይለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምሰሶውን ሳይለጥፉ በቦታው ያቁሙት። ገመዱ ከሚነሳበት ከላይ ክር ያስሩ። ክሩን በሳንቃው ጠርዝ ላይ ባለው ጎድጎድ አሳልፈው እስከ ቀፎው ይወጥሩትና ያረፈበትን በጽሕፈት እርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከጎድጎዱ እስከ ምልክቱ ያለውን ይለኩ፣ ቁጥር ሰጥተው ይጻፉ። ግራውንም ቀኙንም ለየብቻ ይለኩ። በእጅ የተሠራ ቀፎ ሁለቱ ጎኖቹ አንድ አይሆኑም።

ቀለበቱን መጀመሪያ ክብ አድርገው ነው የሚሠሩት። ክቡን በይደው ከጨረሱ በኋላ በሁለት ቀጭን ዘንጎች መካከል ለጥጠው ሞላላ ያደርጉታል። መምህር ነዎትና ሒሳቡን ልስጥዎት። የውስጥ ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞላላ ቀለበት ይፈልጋሉ፣ ዘንጎቹም 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው እንበል። 8 ሲቀነስ 1፣ 7 ነው። ሁለት ጊዜ 7፣ 14። በዚያ ላይ የዘንጉን ዙሪያ 3.14 ይደምሩ፣ 17.14 ይሆናል። ለ3.14 ያካፍሉት፣ 5.46 ይመጣል። ስለዚህ ሽቦውን 5.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ ይጠቅልሉት። ጥቅሉን በወርቅ ሠሪ ቀጭን መጋዝ ይሰንጥቁት። በመቁረጫ ፒንሳ ከቆረጡት ጫፉ ሾጣጣ ይሆንና አይጋጠምም። ከዚያ መግጠም፣ መበየድ፣ መለጠጥ። እሳት ያለሰለሰው መዳብ ሲለጠጥ መልሶ ይጠነክራል። ብየዳው ደካማ ከሆነም እዚሁ እጅዎ ላይ ይለቃል፣ መርከቡ ላይ ከሚለቅ በጣም ይሻላል። መጋጠሚያውን ከሌላኛው ቀለበት ጋር በሚነካካበት በጫፉ ጥምዝ ላይ ያድርጉት፤ አይታይም።

የመሪው ማጠፊያ ናስ የሚገባው ለዚህ ነው፦ ጠፍጣፋ ነው፣ ቅርጹን መያዝ አለበት፣ ውስጡም ዘንግ ይዞራል። ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይፈልጉ። ጠፍሩን ቆርጠው ከማውጣትዎ በፊት የምስማር ቀዳዳዎቹን በላሜራው ላይ እንዳለ ይብሱ። ቀጭን ጠፍር ላይ ለመብሳት መሞከር ፑንታ መስበር ነው። ቦታውን በመርፌ ጫፍ ነካ ያድርጉት፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት። ከዚያ ጠፍሩን ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግለው ያቀዝቅዙት። ይለሰልሳል፣ ለመታጠፍ እሺ ይላል።

ከላይ እስከ ታች ያሉት ማጠፊያዎች ቅርጻቸው ይለያያል። የመርከቧ የኋላ ጫፍ ከታች ስስ ነው፣ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ የታችኛው ጠባብ፣ የላይኛው ሰፊ ሹካ ይሆናል። ለእያንዳንዱ በካርቶን ልክ ያውጡ። ዘንጉ የሚገባበትን ቱቦ የሚያህል ነገር ካላገኙ ጠፍሩን ራሱን በ0.8 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ ላይ ጠቅልለው ይበይዱት። ሽቦውን አስቀድመው በጽሑፍ ማጥፊያ ነጭ ቀለም ቀብተው ያድርቁት፤ መበየጃው ሽቦው ላይ አይይዝም፣ ኋላ ይነቀላል። ማጠፊያዎቹን ቀፎው ላይ ሲያጣብቁ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ሽቦ በሁሉም ውስጥ አሳልፈው ይሁን። አንዱ እንኳ ከመስመር ከወጣ መሪው አይዞርም። መሪው ላይ ካሉት፣ ማጠፊያዎቹ ውስጥ ከሚገቡት እሾሆች የታችኛውን ከሌሎቹ ትንሽ ያስረዝሙት። እሱ ቀድሞ ይገባልና ሌሎቹን መግጠም ይቀልልዎታል።

መልህቁን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ። ክንዶቹን አያጉብጧቸው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መልህቅ ሁለት ቀጥ ያሉ ክንዶች ነበሩት፤ ከታች ሾል ብለው ይገናኛሉ። ጎባጣ ክንድ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግንዱን ከ4 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ናስ ሞርደው ወደ ላይ እያቀጠኑ ያውጡት። ክንዶቹን በቀጭን ካስማ አያይዘው በጠንካራው መበየጃ ይበይዱ፣ ጫፋቸው ላይ ያሉትን ሰፋፊ ምላሶች በቀላሉ። አግዳሚው እንጨት ነው፤ የሚያቅፉትን ቀለበቶች ከቀጭን መዳብ ያድርጉ።

መድፎቹ ላይ ስመጣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ፦ ሞዴልዎ መርከቧን የሚያሳየው መቼ ነው? ከእንግሊዝ በ1768 ስትነሳ 10 ባለ ጋሪ መድፍና 12 ትንንሽ ዘዋሪ መድፎች ነበሯት። በሰኔ 1770 አውስትራሊያ አጠገብ ታላቁ የኮራል ሸንተረር ላይ ስትሰካ፣ እንድትቀልል ስድስቱን ባለ ጋሪ መድፎች ባሕር ውስጥ ጣሏቸው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለችውን ኢንደቨር ከሠሩ አራት ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት። የተጣሉት ስድስቱ በ1969 ከባሕር ወጥተዋል። አንዱ በአውስትራሊያ ኩክታውን ሙዚየም ከመርከቧ መልህቅ ጋር ይታያል። ፎቶዎቻቸውን ይፈልጉና አጠገብዎ ያስቀምጡ። ከየትኛውም ሥዕል የበለጠ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው፤ ራሳቸው የመርከቧ መድፎች ናቸውና።

እነዚህ አራት ፓውንድ ጥይት የሚተኩሱ የብረት መድፎች ናቸው። ርዝመታቸው 6 ጫማ ገደማ ነው፣ በእርስዎ ልክ 38 ሚሊ ሜትር። አፋቸው 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥሩ ናሙና ቶርኖ ቤት ያስወጡ። የአፉም፣ ጋሪው ላይ የሚያርፍበት አግዳሚ ዘንግም ቀዳዳ መበሳት ያለበት ናሱ ገና ድፍን ዱላ ሆኖ ሳለ ነው። ሾጣጣ ከሆነ በኋላ ቀጥ አድርጎ መብሳት ያስቸግራል። አግዳሚው ዘንግ ደግሞ በዚያ ዘመን ከመድፉ መሃል መስመር ዝቅ ብሎ ነበር የሚሠራው። መሃል ላይ ካደረጉት መድፉ ጋሪው ውስጥ ሰጥሞ ይቀመጣል።

የቀሩትን እንደ ናሙናው ለማባዛት አገራችን ውስጥ ያለ እውቀት አለ። መስቀል ሠሪዎች በሰም ቅርጽ አውጥተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በማስወጣት ማዕድን ሲያፈሱ ኖረዋል። ዛሬም በዚህ ዘዴ የሚሠሩ አንጥረኞች አሉ። ናሙናውን ይውሰዱላቸውና በናስ ያፍስሱልዎ። ናስ ሲቀዘቅዝ ሁለት ከመቶ ያህል ስለሚሸማቀቅ ናሙናውን 39 ሚሊ ሜትር አድርገው ያስወጡት። 12ቱ ትንንሾች ርዝመታቸው 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እነሱን በቀጥታ በቶርኖ ማውጣት ይቀላል።

የቀረን ማጥቆሩ ነው። መዳቡን በሲትሪክ አሲድ ካጸዱ በኋላ በጣት አይንኩት። የጣት ወዝ ያለበት ቦታ አይጠቁርም። በእጅዎ ያለውን የሰልፈር ፈሳሽ በሙቅ ውኃ በደንብ ያቅጥኑት፤ ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ ይሁን። ወፍራም ፈሳሽ ቶሎ ያጠቁራል፣ ግን ቀለሙ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ቀስ ብሎ የጠቆረው ነው የሚቆየው። ነክረው ያውጡ፣ ይጠቡ፣ እንደገና ይንከሩ። ሲበቃዎት የምግብ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት፣ በጨርቅ ይወልውሉት። የብር መበየጃውም አብሮ ይጠቁራል። ሊድ ግን ግራጫ ሆኖ ይቀራል። መበየጃውን እንዲለውጡ የምገፋፋዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መስኮት ይክፈቱ። ይህን ፈሳሽ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ናሱን ምን እናድርገው? እዚህ ጋ ነው ያ የመዳብ መለበጥ የሚጠቅመን። ብዙ መዳብ ያጸዳ፣ ሰማያዊ የሆነ አሮጌ የሲትሪክ ፈሳሽ ይውሰዱ። የናሱን ዕቃ አስገብተው በብረት ሽቦ ይንኩት። ትንሽ ቆይቶ ላዩ ቀይ መዳብ ይለብሳል። አጥበው ወደ ሰልፈሩ ያስገቡት፣ ይጠቁራል። ልባሱ ስስ ስለሆነ ሲወለውሉ እጅዎ ይቅለል። ለመድፎቹና ለመልህቁ ግን ቀለም ይሻላል ባይ ነኝ። እውነተኞቹም ቀለም ይቀቡ ነበር። በቀጭኑ ፕራይመር፣ በላዩ የማያብረቀርቅ ጥቁር። ሁለት ስስ ንብር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል።

ማጥቆሩን ጨርሰው ነው መርከቡ ላይ የሚገጥሙት፤ እንጨቱ ላይ ሆኖ የሚጠቁር ነገር የለም። ፈሳሹ ዋንዛው ውስጥ ከሰረገ አይለቅም። ሱፐር ግሉ ከተጠቀሙ እጅግ በጥቂቱ ይሁን፣ ጭሱ ጥቁሩን ነጭ ያደርገዋልና። ጭነት ለሚሸከመው ሁሉ ኢፖክሲ ይሻላል። የምስማሩን እግር በሞረድ ሻከር ያድርጉት፣ ማጣበቂያው እንዲይዘው።

ሰንሰለቶቹን ደግሞ ከመግጠምዎ በፊት ይፈትኗቸው። እያንዳንዱን ሚስማር ላይ ሰቅለው ከሥሩ ውኃ የሞላ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያንጠልጥሉበት። ብየዳው የተከፈተ ካለ አጽድተው እንደገና ይበይዱት፣ እንደገናም ያጥቁሩት። የቻለውን በቁጥሩ ቦታ ይምቱትና ገመዱን ያለ ስጋት ይወጥሩበት።